በረዶ፣ ውርጭና ጭቃ፤ በቡና አገር ክረምት ምን እንጠንቀቅ?



ከጥቂት ዓመታት በፊት በባሕር ማዶ ካሉት ደጋፊዎቻችን አንደኛው ማኅበር ወደ ሚዛን አንድ ትልቅ ሣጥን ላከልን። ከፍተን ብናይ ከሱፍ የተሠሩ ወፋፍራም ጓንቶች፣ ጆሮ የሚሸፍኑ ቆቦችና እስከ ጉልበት የሚደርሱ ካልሲዎች ሞልተውበታል። ለካስ ቀደም ብለን በላክነው ደብዳቤ «ክረምቱ ስለ ገባ መንገዱ ተዘግቷል፤ ሕዝቡም ተቸግሯል» ብለን ኖሮ፣ የተረጐመልን ወንድም «ክረምት» የሚለውን በእነርሱ አገር አቈጣጠር የበረዶ ወራት አድርጎ ጽፎት ነበር። ሚዛን ተፈሪን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ መሣቁ አይቀርም፤ እኛም ሥቀናል። ጓንቶቹ ግን አልባከኑም። ማሻና ጌሻ ደጋ ላይ መጋዘን ለሚጠብቁ ሠራተኞቻችን ተሰጥተው እስከ ዛሬ የሚያጠልቋቸው አሉ።

ይህን ያነሣነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ከሰማይ ስለሚወርደው ነገር በትክክል መናገር አለመቻላችን ሌላ ጊዜ ዋጋ አስከፍሎናል። በአማርኛችን «በረዶ» የሚለው አንድ ቃል ብዙ ሸክም ተሸክሟል። ከነጎድጓድ ጋር ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርደው እንክብል በረዶ ይባላል። በሩቅ አገር እንደ ተባዘተ ጥጥ ቀስ እያለ የሚወርደውና መጽሐፍ ቅዱስ ስናነብ አመዳይ በሚለው ስም የምናውቀውም በረዶ ይባላል። ሐይቅ ላይ የሚጋገረውም፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣውም እንደዚሁ። በዚህ ላይ ሌሊት ሣሩን የሚያነጣው ውርጭ አለ፤ ውርጭ ግን ጤዛ ሊሆን የሚገባው እርጥበት መሬት ላይ ሲረጋ የሚሠራ እንጂ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። ስለ ዝናብ ሲሆን ቋንቋችን አይታማም፤ ካፊያ፣ ዶፍ፣ ወጨፎ እያለ ይለየዋል። በረዶ ላይ ሲደርስ ግን ይሰንፋል፤ ምናልባት ብዙ ስላላየነው ይሆናል።

የከፍታ ነገር

ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሚዛን 1,450፣ ቦንጋ 1,700 ያህል ሲሆኑ፣ ማሻ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። በእኛ የምድር ክፍል ውሃ የሚረጋበት ቅዝቃዜ የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ላይ ነው። ራስ ዳሸን ከዚህ መጠን ጥግ ላይ ስለሚደርስ አልፎ አልፎ አመዳይ ይወርድበታል፤ ወዲያውም ይቀልጣል። 5,199 ሜትር ያለው የኬንያ ተራራና 5,895 ሜትር ያለው ኪሊማንጃሮ ደግሞ ከዚህ መጠን አልፈው ስለ ቆሙ ግግር በረዶ ይዘው ኖረዋል፤ ዛሬ ግን በፍጥነት እየሟሟ ነው።

ስለዚህ ሚዛን ወይም ቴፒ ላይ አመዳይ ይወርዳል ብሎ መፍራት አያስፈልግም። ውርጭም ቢሆን በቡና ወረዳዎቻችን የሚያሠጋ አይደለም። ውርጭ የሚወደው ደመና የሌለበትን፣ ነፋስ የተኛበትን ደረቅ ሌሊት ነው። መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ የሚመልስለት ደመና ከሌለ ባዶውን ያድራል፤ ቀዝቃዛውም አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ በዝቅተኛው ስፍራ ይተኛል። ከጥቅምት እስከ ጥር በደብረ ብርሃን አካባቢና በባሌ ከፍተኛ ሜዳዎች የሚታየው ይኸው ነው። የእኛ አገር ደመና፣ ጉምና ጫካ ግን ለመሬቱ እንደ ጋቢ ናቸው።

ቡና ይህን ጋቢ የለመደ ተክል ነው፤ ከካፋና ከአካባቢዋ ጫካ የወጣ ነውና። ወደ ብራዚል ተወስዶ ብዙ ዛፍ በሌለበት ገላጣ መሬት ላይ ሲተከል ግን የማያውቀው ጠላት አጋጠመው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975 በአንድ ሁለት ሌሊት የወረደ ከባድ ውርጭ በፓራና ክፍለ ሀገር የነበረውን የቡና እርሻ ከሞላ ጎደል አደረቀው። በዓለም ገበያ የቡና ዋጋ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት እጅግ አሻቀበ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021ም እንደዚሁ ሌላ ውርጭ ብዙ የብራዚል ቡና ጎድቷል። ቴፒ የሚኖር ገበሬ ውርጭ በዓይኑ ሳያይ፣ በማያውቀው አገር በወረደ ውርጭ ምክንያት የእሸት ቡናው ዋጋ ከፍና ዝቅ ይላል ማለት ነው።

እኛን የሚያገኘን ታዲያ እንክብሉ በረዶ ነው። አመጣጡም እንዲህ ነው። ጠዋት ፀሐይ እርጥቡን መሬትና ጫካ ስታሞቅ፣ ከድስት እንደሚወጣ እንፋሎት እርጥብ አየር ወደ ላይ ይነሣል። እኩለ ቀን ሲያልፍ ደመናው እንደ ግንብ ይቆልላል፤ ራሱም ውሃ ከሚረጋበት ከፍታ እጅግ አልፎ ይሄዳል። እዚያ ላይ የሚገኙት ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች አንድ የሚያስገርም ጠባይ አላቸው፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዘውም የሚነኩት ነገር እስኪያገኙ ድረስ ሳይረጉ በውሃነታቸው ይቈያሉ። አንዲት የረጋች ፍሬ ስታገኛቸው ግን ወዲያው ይለጠፉባትና ይረጋሉ። ከታች የሚነሣው ነፋስ ፍሬዋን ሰፌድ ላይ እንዳለ እህል ወደ ላይ እያነሣ ያንገዋልላታል፤ ነፋሱ ሊሸከማት ከሚችለው በላይ ስትከብድ ትወድቃለች። ትልቁን የበረዶ ፍሬ ለሁለት ከፍላችሁ ብታዩት ብዙ ጊዜ እንደ ቀይ ሽንኩርት ተደራርቦ ታገኙታላችሁ።

አሁን ከፍታውን እናስታውስ። ቴፒ ላይ ለመውደቅ በረዶው ከ3,000 ሜትር በላይ በሞቃት አየር ውስጥ መጓዝ አለበት። የሽምብራ ፍሬ የምታህለው መንገድ ላይ ቀልጣ ቀዝቃዛ ወፍራም ጠብታ ሆና ትደርሳለች። ማሻ ላይ መንገዱ በ1,000 ሜትር ያህል ስለሚያጥር ብዙው ሳይቀልጥ ይደርሳል። ደገኞቹ በረዶን ከቆለኞቹ ይልቅ ደጋግመው የሚያዩት ስለዚህ ነው። በጎረቤታችን በኬንያ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የኬሪቾ የሻይ አገር በዓለም ላይ በረዶ አብዝቶ ከሚወርድባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። በዚያው ልክ፣ ቴፒ ድረስ ሳይቀልጥ የደረሰ በረዶ ከላይ ሲነሣ ትልቅ የነበረ መሆኑን ልብ በሉ።

በረዶ ሰው ይገድላል ወይ ብለው የሚጠይቁን አሉ። አዎን፣ ይገድላል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1888 በሕንድ አገር በሞራዳባድ የወረደ በረዶ 246 ሰዎች ገድሏል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 14 ቀን 1986 በባንግላዴሽ በጎፓልጋንጅ አንድ ኪሎ የሚመዝኑ ፍሬዎች ወርደው 92 ሰዎች ሞተዋል። እስካሁን ከተለኩት በስፋቱ ትልቁ ፍሬ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 በአሜሪካ በሳውዝ ዳኮታ የወደቀው ሲሆን የጎኑ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር ነበር። አምስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፍሬ እንኳ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ነው የሚወድቀው።

ከዛፍ ሥር የቆምንበት ቀን

በአንድ የሚያዝያ ቀን ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አጥቢያ ግቢ ውስጥ ለእናቶች ስለ ችግኝ አያያዝ ትምህርት እንሰጥ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሙቀቱ ያፍን ነበር። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሸኮ ተራሮች በኩል ደመናው ጠቈረ፤ ድንገትም ቀዝቃዛ ነፋስ ነፈሰብን። ይህ ቀዝቃዛ ነፋስ ከደመናው ሆድ የሚወጣ፣ ከዝናቡ ቀድሞ የሚመጣ መልእክተኛ መሆኑን በትምህርት እናውቅ ነበር። ሆኖም ትምህርቱን ለመጨረስ አሥር ደቂቃ ጨመርን። በመጀመሪያ ወፋፍራም ጠብታዎች ወረዱ፤ ከዚያ በረዶው መጣ። እናቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሲሯሯጡ እኛ እየመራን ሁሉንም ወሰደን ከግቢው ጥግ ካለው ትልቅ ዋርካ ሥር ሰበሰብናቸው።

የአጥቢያው ሽማግሌ የሆኑ አንድ አባት የኮባ ቅጠል ራሳቸው ላይ ይዘው ከቤታቸው ሮጠው መጡ። «ልጆቼ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው? ከዛፉ ሥር አውጧቸው፤ ወደ ጸሎት ቤቱ አስገቧቸው!» ብለው ጮኹብን። «አባባ፣ በረዶው ልጆቹን እንዳይመታ ብለን ነው» አልናቸው። «በረዶው ያቈስላል፤ መብረቁ ግን አይምርም» አሉን። በሩጫ ወደ ጸሎት ቤቱ ገባን። አንዲት ልጅ ግንባሯ ተፈነከተ፤ ሌላ ጉዳት አልደረሰም። በዚያው ሳምንት ግን በሌላ መንደር ከዛፍ ሥር የተጠለሉ አራት ከብቶች በአንድ መብረቅ አልቀዋል። መጽሐፍ የተማርነው እኛ ነበርን፤ ሰዎቹን ያዳኑት ግን እርሳቸው ናቸው።

በረዶ በሚያወርድ ደመና ውስጥ ሁልጊዜ መብረቅ አለ ብሎ መያዝ ይሻላል። ረዥም ዛፍ መብረቁን ይስበዋል፤ ከሥሩም በመሬቱ ላይ ይሠራጫል። ከብቶች የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ ስለሆነ ኀይሉ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ በልባቸው በኩል ያልፋል። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪሰማ ቍጠሩ፤ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ። ሠላሳ ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ ግድግዳና ጣሪያ ወዳለው ቤት መግባት ይገባል። መስኮቱ የተዘጋ፣ የቆርቆሮ አካል ያለው መኪናም ጥሩ መጠለያ ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትውጡ። ዳስ ግን መጠለያ አይሆንም፤ ሞተር ብስክሌትም፣ የሽቦ አጥርም፣ የወንዝ ዳርም አይሆንም። ጫካ ውስጥ ቡና ስትለቅሙ ከያዛችሁ ከረዣዥሞቹ ዛፎች ርቃችሁ፣ ዝቅ ካሉት መካከል እግራችሁን ገጥማችሁ ቍጢጥ በሉ፤ ፍጹም ደኅንነት ባይሆንም ከዋንዛው ግንድ ሥር ከመቆም ይሻላል።

ለአጥቢያዎች በተለይ የምናሳስበው ስለ ድምፅ ማጉያው ነው። ነጎድጓድ በቀረበ ጊዜ ሞንታርቦው ከኤሌክትሪክ ይነቀል፤ ዘማሪዎችም ሽቦ ያለውን ማይክሮፎን ያስቀምጡ። በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ስብከቱ እንደሆነ አይሰማም፤ ለግማሽ ሰዓት ቢቋረጥ የሚቀር ነገር የለም።

በመብረቅ የተመታ ሰው ኤሌክትሪኩ በሰውነቱ ውስጥ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ወዲያው ልትነኩት ትችላላችሁ። ትንፋሹ ቆሞ እንደሆነ ደረቱን እየተጫናችሁ ትንፋሽ ስጡት፤ ሌላው ሰው መኪና ይፈልግ። አፈር ውስጥ መቅበር ጊዜ ማጥፋት ነው።

በረዶ ብቻ ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያው ነገር ራስን መሸፈን ነው። ሳፋ፣ ድስት፣ ቅርጫት፣ የታጠፈ ጋቢ፣ የተገኘው ሁሉ ይጠቅማል። ሕፃን ያዘለች እናት ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዙራ ጎንበስ ትበልበት። ጥጃና ጫጩት ለመሰብሰብ ብሎ በረዶ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ብዙ አይተናል፤ እባካችሁ ቀዝቃዛው ነፋስ ሲነፍስ ቀድማችሁ ሰብስቡ።

ከበረዶው በኋላ

በረዶ ሲወርድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው መስመር ይሄዳል። የአንዱ ማሳ እርቃኑን ሲቀር የጎረቤቱ ቅጠል እንኳ ላይነካ ይችላል። ይህን አይተው «ምን ኃጢአት ሠርቶ ነው?» የሚሉ ሰዎች በአጥቢያዎቻችን ውስጥም አሉ፤ በጆሯችን ሰምተናል። ደመናው የሄደበት መንገድ ነው እንጂ የሰውየው ሚዛን አይደለም። በሰሜኑ ደጋ በረዶ እንመልሳለን እያሉ ከገበሬ ክፍያ የሚቀበሉ ሰዎች ነበሩ። ፈረንጆቹም ከዚህ አልዳኑም፤ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ በኦስትሪያና በኢጣሊያ ወይን ገበሬዎች ወደ ደመና የሚተኩስ መድፍ አቁመው ብዙ ገንዘብ ካፈሰሱ በኋላ አንዳች እንዳልጠቀማቸው ተረድተው ትተውታል።

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ከዚያው የሚያዝያ በረዶ በኋላ በማግሥቱ ማሳዎቹን ዞረን አየን። በቆሎው ጉልበት እንኳ ሳይደርስ ተቀጥቅጦ አፈር ላይ ተኝቶ ነበር። ልባችን ስለ ተነካ በዚያው ምሽት ለዘር መግዣ ገንዘብ ጠየቅን፤ አጥቢያዎችም በፍቅር አዋጥተው ሰጡ። ዘሩ ሲደርስ ብዙዎቹ ገበሬዎች በቆሏቸውን ገልብጠው እንደገና ዘሩ። አንዲት መበለት ግን ጉልበት ስላልነበራት ሳትገለብጥ ቀረች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የእርሷ በቆሎ አዲስ ቅጠል አውጥቶ አረንጓዴ ሆነ፤ በመኸርም ከሁሉም ቀድማ ሰበሰበች።

ምክንያቱን ከግብርና ባለሙያ ጠይቀን ተረዳን። በቆሎ አምስት ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ የማደጊያ ጫፉ ያለው ከአፈር በታች ነው። በረዶው የሚቀጠቅጠው ቅጠሉን እንጂ ነፍሱን አይደለም። ስለዚህ በፕሮጀክት ያላችሁ ባልደረቦች፣ ጉዳት ስትመዘግቡ በማግሥቱ ያያችሁትን ጻፉ፤ ውሳኔ ግን ከሰባት እስከ አሥር ቀን ካለፈ በኋላ ስጡ። ግንዱን ሰንጥቃችሁ እዩ፤ ውስጡ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ሕያው ነው፤ ቡናማ ሆኖ ከለሰለሰ ሞቷል። እንሰትም እንዲሁ ነው። ቅጠሉ ተተልትሎ ሲታይ ያሳዝናል እንጂ ሥሩ ደኅና ስለሆነ እንደገና ያወጣል። በዚያች ወቅት የሚያስፈልገው ዘር ሳይሆን እስከሚያገግም ድረስ የሚበላ እህል ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ቡናው ላይ ነገሩ ይለያል። የመጀመሪያው ዝናብ ቡናውን አሳብቦት ሳለ በረዶ ከመጣ አበባው ይረግፋል፤ የረገፈው ቦታም ያን ዓመት ፍሬ አይሰጥም። ዛፉ ግን አልሞተም። የተሰበረውን ቅርንጫፍ በንጹሕ መጋዝ ወይም መቀስ ቍረጡ፤ ቁስሉ ተበጣጥሶ ክፍት ከቀረ በሽታ ይገባበታል። በ1963 ዓ.ም. በካፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚዛመተው በዝናብ ፍንጣሪ ነው፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ደጋ ደግሞ ይስማማዋል። ስለዚህ ቅጠሉ እርጥብ ሳለ በማሳው ውስጥ መዘዋወር አይገባም። የጥላ ዛፍ በረዶውን ቀድሞ ይቀበላል። ዋንዛና ሳሳ ያለበትና ገላጣው ማሳ ከአንድ በረዶ በኋላ ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው፤ ይህን እያየን የጥላ ዛፍ ቈርጦ ማገዶ ማድረግ አይገባንም። ጀንፈል አልጋ ላይ ያሰጣችሁ የፕላስቲክ ሸራው ሁልጊዜ ከአልጋው ራስጌ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። እየዘነበ ሸራ ፍለጋ ቤት የሚሮጥ ሰው ሲመለስ የታጠበ ቡና ያገኛል፤ የማንፈልገው ዓይነት የታጠበ ቡና።

ለደጋፊዎች በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ «በረዶ ወረደ» ብቻ አትበሉ። ፍሬው የሽምብራ፣ የባቄላ ወይስ የእንቁላል ያህል ነው? ስንት ደቂቃ ወረደ? ቡናው አበባ ላይ ነበር ወይስ ፍሬ? ይህን ከጻፋችሁ ጓንት አይላክላችሁም።

ጭቃው፣ ወንዙና ተራራው

በሩቅ አገር ሰው የሚያንሸራትተው ግግር በረዶ ነው፤ እኛን ቀዩ አፈር ነው። ሾፌሮች በጭቃ ወራት ጎማ ላይ የሚያስሩት ሰንሰለት እነዚያ በበረዶ የሚያስሩት ራሱ ነው። ሞተር የምትነዱ ሠራተኞቻችን፣ ከረዥም ፀሐይ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ከሁሉ የከፋ መሆኑን አትርሱ፤ አቧራውና ዘይቱ ገና አልታጠበምና። በዝቅተኛ ማርሽ፣ የፊቱን ፍሬን ሳትነኩ፣ በቀስታ ውረዱ። ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚመጣው ጠመዝማዛ መንገድ ጉም ሲወርድ ረዥሙን መብራት ማብራት ጉሙን ብቻ ያበራዋል፤ አጭሩን አብሩ።

ጋጨብንና ሌሎቹን ወንዞቻችንን የምትሻገሩ ደግሞ ሰማዩ በራሳችሁ ላይ ጠራ ብላችሁ አትመኑ፤ ውሃው የሚመጣው ላይኛው አገር ከዘነበው ነው። አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ይጥላል፤ ሠላሳው ትንሽ መኪና ያነሣል፤ ስልሳው አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ደራሽ ውሃ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጎድላል። ዘግይቶ የደረሰ ሠራተኛ በዚህ ቢሮ ተወቅሶ አያውቅም።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በከባድ ዝናብ ምክንያት ተራራው ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤቶች የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው ሲቈፍሩ ናዳው ሁለተኛ ጊዜ ወረደ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የመጡ ናቸው። ስለዚህ ነገር ስናስብ መናገር ይከብደናል፤ ወገን ተቀብሮ እያየ ቁም የሚባል ሰው የለምና። ቢሆንም አንዴ የተናደ ተዳፋት ገና አልረጋም። አንድ ሰው ራቅ ብሎ ተራራውን ብቻ እየተመለከተ ይቁም፤ ድንጋይ ሲንከባለል ወይም አፈሩ ሲንቀሳቀስ ይጩኽ። ዝናቡ እስኪያባራ ሕፃናትና አዛውንት ከሥፍራው ይራቁ። አስቀድሞ የሚታዩ ምልክቶችም አሉ፤ ተዳፋቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም ምሰሶ፣ ድንገት የደፈረሰ ምንጭ፣ ያለ ምክንያት አልዘጋም የሚል በር። በቤንች ሸኮ፣ በሸካና በካፋ ገደል ሥር ቤት ያላችሁ ይህን ካያችሁ ያን ሌሊት እዚያ አትደሩ።

ወደ በረዶ አገር ለሚሄዱና ለሁላችን

ከአጥቢያዎቻችን ወደ ካናዳ፣ ወደ ኖርዌይ፣ ወደ ሚኒሶታ የሄዱ ልጆች አሉን። እዚያ አመዳዩ ራሱ ብዙም አይጎዳም፤ ለስላሳ ነው። የሚጎዳው ሲወድቅ ዝናብ ሆኖ መሬት ሲነካ የሚረጋው ነው። ከላይ ሞቃት አየር አቅልጦት፣ ከታች ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው፣ አስፋልቱን እንደ መስተዋት ይለብጠዋል፤ ዓይን አያየውም። እዚያ እግርን ጠፍጠፍ አድርጎ፣ እርምጃን አሳጥሮ፣ እጅን ከኪስ አውጥቶ መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1998 በካናዳ በኩቤክና በኦንታሪዮ እንዲህ ያለ ዝናብ ለአምስት ቀን ያህል ወርዶ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን በክብደቱ ጣለ፤ ሚሊዮኖች በብርድ ወቅት ያለ መብራት ቀሩ። ከሞቱት መካከል ቤት ዘግተው ባነደዱት ነገር የታፈኑ ይገኙባቸዋል።

ይህ ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት ይመልሰናል። በማሻና በጌሻ ደጋ፣ ከበረዶ በኋላ ባለው ብርድ ሌሊት፣ የከሰል ምድጃ ይዞ በር ዘግቶ መተኛት የተለመደ ነው። ከጠባቂዎቻችን አንዱ በዚህ ምክንያት ጠዋት ራሱን ስቶ ተገኝቶ በጭንቅ ተርፏል። ከዚያ ወዲህ በጥበቃ ቤት ውስጥ ከሰል ማንደድ ከልክለን ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ ሰጥተናል። ብዙ ሰው ከሰሉ ደጅ ነዶ ጭሱ ከወጣለት፣ ፍሙም ከቀላ ጉዳት የለውም ብሎ ያምናል። የሚገድለው አየር ግን አይታይም፤ አይሸትም። ከደማችን ጋር ከንጹሕ አየር ይልቅ 200 ጊዜ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ሰውየው እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው ይሞታል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መዛል የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው፤ በአንድ ቤት ያሉ ሁሉ አንድ ላይ ራሳቸውን ካመማቸው አትጠራጠሩ።

እንዲህ ሆኖ ያገኛችሁት ሰው ቢኖር በሩንና መስኮቱን በርግዳችሁ፣ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ጎትታችሁ ወደ ደጅ አውጡት። ወተትና ሎሚ አፉ ውስጥ አታፍስሱ፤ ራሱን ለሳተ ሰው ትንታ ነው። በጎኑ አስተኝታችሁ ሸፍኑት፤ ቢነቃና ደኅና ነኝ ቢል እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከዚያ ተመልሳችሁ ምድጃውን አውጡ።